ዶክተር ብርዱ

«ዶክተር ብርዱ ሄደ» ብላ ደወለችልኝ፣ መካነ ሰላም አብራን ታስተምር የነበረች የኬሚስትሪ መምህርት። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ።

«በመጨረሻ! መቼ ተሳፈረ?» አልኳት።

ምን ላድርግ፣ ከተማው በሙሉ «መቼ ነው የሚመለሰው?» እያለ ዕድሜ ልኩን የጠየቀለት ሰው ነው። «ሄደ» ሲባል ወደዚያ ወደ ፈረንጅ ሀገር እንጂ ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ አልመሰለኝም። «ኧረ ሞተ ነው የምልህ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ከደሴ ተነስቼ ስደርስ ዶክተር እንድሪስ ታደሰ ተቀብሯል፤ በእስልምና ሬሳ አያድርም። ድንኳኑ ግን አልፈረሰም። ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ዝናቡ ያወራሉ። እኛ ስናስተምር የወረዳው የፕሮፓጋንዳ ሰው የነበሩት፣ አሁን አድገው ዞን የገቡት አቶ ጌታነህ ንግግር ለማድረግ ተነሱ። ለቅሶ ቤት ንግግር ማን እንደለመነ አላውቅም። እሳቸው ግን የቆመ ድንኳን ካዩ የተጠሩ ይመስላቸዋል።

«ዶክተር እንድሪስ» አሉ፣ «በማቀዝቀዣ ቴክኖሎጂ ዘርፍ ያካበተውን ልምድ ለወረዳችን ሕዝብ ያለ ስስት ያካፈለ ልማታዊ ምሁር ነበር።»

ከሴቶቹ ወገን ወይዘሮ ጦይባ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ «የኔን ፍሪጅ ጠይቁኛ!» አሉ።

ሐዘንተኛው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በጋቢው ውስጥ ሳቀ። ሟቹ ቢሰማ ከንግግሩ ይልቅ የጦይባን ይመርጥ ነበር። ሙገሳ ያቅለሸልሸው ነበር፤ ስድብን ግን አንገቱን ዘንበል አድርጎ በጥሞና ያዳምጣል።

እንድሪስ የዚያው የመካነ ሰላም ልጅ ነው። በትምህርቱ ጎብዞ ውጭ ሄደ፣ ዶክተር ሆነ፣ እዚያው ዓመታት ሠራ፤ ከዕለታት አንድ ቀን ከደሴ በሚመጣው ሚኒባስ ላይ አቧራ ለብሶ ወረደ። አመጣጡ ከተማውን አስቀየመ። ጅዳ የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ልጅ እንኳን ቴሌቪዥንና ብርድ ልብስ ይዛ ትመጣለች። ዶክተሩ የያዘው አንድ ሻንጣና በካልሲ የተጠቀለለ አረንጓዴ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር። በማግስቱ «ተጠርዞ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ። በሦስተኛው ቀን ወሬው እርግጥ ሆነ።

ለምን መጣህ ለሚለው ሁሉ የተለየ መልስ ነበረው። ለፖሊሱ፣ «የመሥሪያ ቤቱን ማቀዝቀዣ ክፍት ትቼ አድሬ አባረሩኝ» አለው። ለሼሁ፣ «የሚሰደብ ሰው አጣሁ» አላቸው። መሰናዶው የፊዚክስ መምህር አድርጎ ሲቀጥረው እኔም ጠየቅኩት። ስነ ዜጋ ስለማስተምር «ዜጋው» ነበር የሚለኝ።

«ዜጋው፣ ሀገሬን ወድጄ ነው ብልህ ታምነኛለህ?»

«አላምንም።»

«ጎበዝ። የስነ ዜጋ መምህር እንዲህ ነው።»

እውነቱ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። እናቱ እማማ ሀዋ አርጅተዋል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው ዓረብ ሀገር ናቸው፤ ጉልበታቸው ከድቷቸው በምርኩዝ ነው የሚነሡት። ልጅየው ለእሳቸው ብሎ መጣ። ይህን ግን አንድም ቀን በአፉ አልተናገረም፤ እሳቸውም አንድም ቀን አላመሰገኑትም። እንዲያውም የተናደደ ሰው ካየሁ እማማ ሀዋን ነው።

«አንተን ያስተማርኩህ እንድትርቅልኝ ነው» ይሉታል፣ እኔ ቁጭ ብዬ። «የሚቀርበኝማ ሞልቷል። ዶሮው አለ።»

«ዶሮው ፊዚክስ አይችልም፣ እማ።»

«አንተስ ችለህ ምን አመጣህ? እንቁላል እንኳ የለህ።»

እንድሪስ ይህን ሲሰማ ፊቱ ያበራል። ምላሱን ከማን እንደወረሰ የሚጠይቅ ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ሥራው ምን እንደነበር እኔ የገባኝን ያህል ልናገር። ከሰማይ የሚመጣ፣ የሰው ዓይን የማያየው በጣም ደካማ ብርሃን አለ። እሱን የሚይዝ ካሜራ ለቴሌስኮፕ ይሠራሉ። የካሜራው ዓይኖች ከልዩ ብረት የተሠሩ ናቸው፤ ከዚህ በታች ቅዝቃዜ የለም ወደሚባለው ጫፍ እስኪጠጉ ካልቀዘቀዙ አንዳች አያዩም። ዓይኖቹ ብዙ ሺህ ናቸው። ለእያንዳንዱ ሽቦ ቢዘረጋለት፣ ሽቦው ከውጭ ሙቀት ተሸክሞ ይገባና ሁሉንም ያበላሻል። ስለዚህ ለሁሉም አንድ ሽቦ ብቻ ይገባል። እያንዳንዱ ዓይን የራሱ ቀጭን ዜማ ይሰጠዋል፤ ሁሉም በዚያ አንድ ሽቦ ላይ ባንድ ጊዜ ያዜማሉ። ብርሃን የነካው ዓይን ዜማው ትንሽ ዝቅ ይላል። በሽቦው ጫፍ ያለው መሣሪያ የሁሉንም ዜማ ባንድ ላይ አዳምጦ፣ ከመሐል ማን ዝቅ እንዳለ ይለያል። እንድሪስ የሚሠራው ያን አዳማጭ ነበር። ዜማ የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ የሬዲዮ ሞገድ ነው የሚለው።

«እዚያ ካለው ብርድ ጋር ሲተያይ» ይላል፣ «ብርዷ አጥንት የሚሰብረው አቀስታ እቶን ናት።»

ከተማው ከዚህ ሁሉ የያዘው ብርድ የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ዶክተር ብርዱ ብለው ስም አወጡለት። ስም ከወጣ በኋላ ፍሪጅ መምጣቱ አይቀርም ነበር።

ወይዘሮ ጦይባ ጎረቤት ናቸው። ልጃቸው ከጅዳ የላከችው ፍሪጅ ማቀዝቀዝ እምቢ ብሎ ሳሎናቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ቆሟል። እንድሪስን በር ላይ ጠብቀው ያዙት።

«ልጄ፣ የብርድ ሐኪም ነህ አሉ።»

ገባ፤ ከፍቶ እጁን ከተተ። «ይሄ ለኔ ሥራ በጣም ይሞቃል» አላቸው።

«ስለተበላሸማ ነው!»

«ቢሠራም ይሞቃል።»

«አንተ እሱን ተወውና ሥራልኝ በነቢ!»

ያን ጊዜ እምቢ ማለት ነበረበት። አላለም። እሱም እንደ ማንኛችንም ጉራ ነበረበት፤ ሰማይ የሚያዳምጥ ሰው ለጅዳ ፍሪጅ አይረታም ብሎ ይሆናል። ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ ፍሪጁን አንድ በአንድ ፈታው። እያንዳንዱን ዕቃ እያነሳ፣ «ማሻ አላህ፣ አሠራሩ ሲያምር!» እያለ አደነቀ። መልሶ መግጠም ላይ ሲደርስ አድናቆቱ አለቀ። በመጨረሻ የቆመው ባዶ ሳጥኑ ብቻ ነው፤ ጦይባ ሽሮና በርበሬ ማስቀመጫ አደረጉት። «ፈረንጅ ሀገር ሄዶ» ይሉ ነበር ለመጣው ሁሉ፣ «ፍሪጅን ቁም ሳጥን ማድረግ ተምሮ መጣ።» የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ እየተወራ ሌላ ጎረቤት ደግሞ የራሱን ፍሪጅ በጋሪ አስጭኖ በሩ ላይ አወረደ። ተስፋ የሚሉት ነገር ከወሬም ይበረታል።

በመምህራን ስብሰባ ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል። ርዕሰ መምህሩ፣ «ዶክተር፣ ተኝተህ ነው?» ሲለው፣ «አይደለም፣ እያዳመጥኩ ነው። እስካሁን ጫጫታ ነው፤ ሲግናል የለም» ይላል። ይህን የሚለው በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ሙገሳ ሊመስልብኝ ነው፦ ከከተማው ሁሉ አብልጦ የሚጮኸው እንድሪስ ነበር። ስለ ጫጫታ ሲያስተምር መናኸሪያ ያሉ ረዳቶች ይሰሙታል። ተማሪ ሲሳሳት ያላግጥበታል፤ ሲያገኝ ደግሞ «ዕድል ነው» ይለዋል። አንዲት ልጅ የሰሌዳ ሥራውን አርማው፣ «አንቺ ልክ ነሽ፤ እኔ ግን ዶክተር ነኝ» ብሏታል። ልጅቷ ዘመዶቿ ጋ ሄዳ አልቅሳለች። እሱ እንደ ቀልድ ነበር ያየው።

ጉዱ የመጣው በትምህርት ቤቱ የሳይንስ በዓል ቀን ነው። ርዕሰ መምህሩ እንድሪስን አንድ ነገር እንዲያቀርብ ለመነው፤ የክብር እንግዳው አቶ ጌታነህ ናቸው። እንድሪስ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሜዳው ላይ አሰለፈ፤ ድምፅ ያላቸውን መርጦ፣ ከዲያቆኑ እስከ መንዙማ አውጪዋ። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዜማ ሰጣቸው፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዷ ቀጭን፣ ሌላው በመካከል። አፋቸውን ዘግተው ባንድ ላይ ሲያንጎራጉሩ ሜዳው የንብ ቀፎ መሰለ። አንድ መምህር በባትሪ እየዞረ ያበራባቸዋል፤ ባትሪው የበራበት ልጅ ድምፁን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል። አዳማጩ ዓይኑ ታስሮ ማን እንደሆነ መለየት አለበት።

«አዳማጭ የሚሆኑን» አለ እንድሪስ፣ «የክብር እንግዳችን ናቸው።»

አቶ ጌታነህ ክብር መስሏቸው ተነሡ። በሻርፕ ዓይናቸው ታሰረ። ልጆቹ አንጎራጎሩ፤ ባትሪው በራ፤ ዲያቆኑ ዝቅ አለ። እኔ እንኳ ሰማሁት።

«ማነው?» አለ እንድሪስ።

«ሁሉም በአንድ ድምፅ ነው የሚናገሩት!» አሉ አቶ ጌታነህ። ፊት የተቀመጡት ከልማድ አጨበጨቡ።

ደገመ። አሁን ደግሞ «የዘመሩት ሁሉ ልክ ናቸው» አሉ አቶ ጌታነህ። ሠለሰ። ልክ ባትሪው ሲበራ የኪሳቸው ስልክ ጮኸ፤ አንስተው «ስብሰባ ላይ ነኝ!» እያሉ ከልጆቹ በላይ ጮኹ።

እንድሪስ እጁን ዘርግቶ ልጆቹን ዝም አሰኘና፣ «ችግሩ ልጆቹ ጋ አይደለም» አለ። «አዳማጩ ራሱ ከሞቀና ከጮኸ የሚሰማው የራሱን ድምፅ ነው። እኛ አዳማጩን የምናቀዘቅዘው ለዚህ ነው።»

ሳቅ ጀመረ። በዚያ ላይ ነው አንድ ተማሪ እጁን ያወጣው። ያኔ መምህሩም ገበሬውም የቤት እመቤቷም አንድ ለአምስት በሚባል ቡድን ተጠርንፎ፣ አንዱ የአምስቱን ሐሳብ ወደ ላይ ያደርሳል የሚባልበት ዘመን ነው።

«መምህር፣ እንደ አንድ ለአምስት ማለት ነው?»

ልጁ ከልቡ ነበር የጠየቀው። እንድሪስም ከልቡ መለሰ፣ ጥፋቱም እሱ ነው።

«አይደለም። እዚህ አንዱ ሺውን ሰምቶ የሰማውን ይናገራል። እዚያ አንዱ አምስቱን ሰብስቦ የታዘዘውን ይነግራቸዋል።»

ከዚያ ከኋላ የተነሣ ሳቅ እየተንከባለለ ፊት ደረሰ። አቶ ጌታነህ ዓይናቸው እንደታሰረ ነው፤ ማን እንደሳቀ ለማየት ፊታቸውን ወዲያና ወዲህ ያዞራሉ፤ ሻርፑን መፍታት ያለበት ሰው ደግሞ ሆዱን ይዞ አጎንብሷል።

ግምገማው በሳምንቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተጠራ። «በሳይንስ ሽፋን አደረጃጀትን ማንኳሰስ፣ ትምክህት፣ የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ» ተብሎ ተነበበ።

«ኪራይ ሰብሳቢ?» አለ እንድሪስ። «እኔ የምኖረው እናቴ ቤት ነው። ኪራይ የምትሰበስበው እሷ ናት፤ ያውም በስድብ።»

«ዶክተር፣ እዚህ የመጣነው ለቀልድ አይደለም» አሉ አቶ ጌታነህ። «ግለ ሂስ አድርግ። ድክመትህን ለመድረኩ አቅርብ።»

እንድሪስ ተነሣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። «የወይዘሮ ጦይባን ፍሪጅ አበላሽቻለሁ» አለና ተቀመጠ።

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ጮክ ብዬ ሳቅኩ፤ በዚያ ዙር ውጤቴ ለምን ዝቅ እንዳለ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አቶ ጌታነህ ግን አልሳቁም። በሚቀጥለው ግምገማ ጥልቅ ግለ ሂስ ካላደረገ ወደ ወግዲ ወረዳ፣ ያውም ከከተማው ርቆ ወዳለ ትምህርት ቤት እንደሚዛወር ነገሩት።

ያን ጊዜ የእንድሪስ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ወግዲ ክፉ ሀገር ሆኖ አይደለም። እማማ ሀዋ ከቤታቸው አይነቃነቁም፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና ይቆማል። እዚያ ሆኖ እናቱን ማየት አይችልም። ሀገር አቋርጦ የመጣበት ነገር ከወረዳ ወረዳ ሊቀርበት ሆነ። እማማ ሀዋ ሲሰሙ የተናደዱት በሌላ ነው። «ወግዲ?» አሉ። «ከተሄደ አይቀር ፈረንጅ ሀገር ነው እንጂ! መራቅ እንኳ አታውቅበት?»

እኛ ባልደረቦቹ ያዝነው። «ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ በል፤ ሂሱን ዋጥና ቁጭ በል» አልነው።

«ያላጠፋሁትን?»

«ታዲያ ሌላው የሚናዘዘው ያጠፋውን ነው እንዴ?» አልኩት። «ያጠፋውንማ ማን ይናገራል!»

አልሳቀም። ወግዲ የመሄዱን ነገር እየተቀበለ ሳለ ነው ስልክ የተደወለለት። የድሮ ፕሮፌሰሩ ናት። ዓመታት የፈጀው ካሜራ ተጠናቆ፣ ደቡብ አሜሪካ በረሃ ላይ ካለ ረጅም ተራራ ጫፍ ወጥቷል። ሲያቀዘቅዙት ግን ግማሾቹ ዓይኖች ዲዳ ሆኑ። ወጣቶቹ መሐንዲሶች ፈልገው ፈልገው አጡ። ያን አዳማጭ የቀረፅከው አንተ ነህና እስኪ ተመልከትልን አለችው።

እንድሪስ ስልኩን ሲዘጋ እየተፍለቀለቀ ነበር። «ያለ እኔ አንድ ዓይን መክፈት አቃታቸው!» አለ፤ መናኸሪያ ሰማው። ይዞኝ፣ ከጅዳ የተመለሰ አንድ ልጅ ወደከፈተው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። የተላከለት ሥዕል ከላይ ወደ ታች፣ መጋረጃ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ፣ በመስመር በመስመር መጣ። ግማሽ ላይ መብራት ጠፋ። ጠበቅን። መብራት መጣ፤ ሥዕሉ እንደገና ከላይ ጀመረ። እንድሪስ ኢትዮጵያንም፣ ኮምፒውተሩንም፣ ወጣቶቹን መሐንዲሶችንም ተራ በተራ ሰደበ። በመጨረሻ ሥዕሉ ሞላ፤ ቀጥ ያለ መሆን የነበረበት መስመር ሁሉ ተጣሞ ተሰባብሯል።

አየው። ዝም አለ። እንድሪስ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ባለ ቤቱ ልጅ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ «ምን ሆነ?» አለኝ።

«ዜጋው» አለ ቆይቶ፣ «እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ጥፋቱ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይኖቹ እንዲያዜሙ ያው አዳማጩ ድምፅ ይልክላቸዋል፤ ድምፁ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ ሽቦው ትንሽ ይውጠዋል። እንድሪስ ምን ያህል እንደሚውጥ የለካው ሽቦው ሳይቀዘቅዝ ነው። ያ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም አይውጥም፤ የገባውን ሁሉ እንዳለ ያደርሳል። እሱ ሽቦው ይውጥልኛል ብሎ ከፍ አድርጎ የላከው ድምፅ በሙሉ እነዚያ ስስ ዓይኖች ላይ ወረደ። ብርሃኑን ሊሰሙ ቀርቶ የራሳቸውም ዜማ ጠፋባቸው። አንደኛ ዓመት ተማሪ የማይስተው ነገር ነው አለኝ። እሱ ስቶት፣ ከዚያ ትቶት መጥቶ፣ እዚህ ሰው ሲያስቅ ከርሟል።

«ዝቅ አድርጉት» ብሎ ጻፈላቸው። በማግስቱ መልስ መጣ፤ አብዛኞቹ ተናግረዋል። ፕሮፌሰሯ አንድም ክፉ ቃል አልጻፈችበትም፤ ያ ነው ይበልጥ የጎዳው። ከኢንተርኔት ቤቱ ስንወጣ፣ «እኔ ነበርኩ የምጮኸው» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀስ ብሎ ማውራት ጀመረ። ወይዘሮ ጦይባ ታሟል ብለው አጃ ይዘው መጡ። ያቺን ሰሌዳውን ያረመች ልጅ ክፍሏ ድረስ ሄዶ፣ በጓደኞቿ ፊት፣ «ልክ ነበርሽ፤ ዶክተርነቴ እዚያ ላይ ምንም አላደረገም» አላት።

የግምገማው ቀን ደረሰ። ቤተ መጻሕፍቱ ሞልቷል፤ ግማሹ ሰው ፍሪጅ የምትለዋን ለመድገም ይነሣል ብሎ ሳቁን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እንድሪስ ተነሣ። ድምፁ ዝቅ ስላለ ከኋላ ያሉት ጆሯቸውን ሰጡ።

«ጥፋት አለብኝ» አለ። «ብዙ ሺህ ጆሮዎች በአደራ ተሰጥተውኝ ነበር። ጮህኩባቸው። እኔ በሞቅኩበት ልክ መንገዱም የሞቀ መስሎኝ ነው። ግማሾቹ መናገር ያልቻሉት በኔ ምክንያት ነው። በሰው ላይ ከማላገጤ በፊት የራሴን ድምፅ መለካት ነበረብኝ። አልለካሁም።»

አቶ ጌታነህ ቀስ ብለው ተነሡ። ዓይናቸው ዕንባ አቅርሯል፤ ወላሂ አልቀጠፍኩም።

«ይህ ነው ግለ ሂስ!» አሉ። «ይህ ነው ሂስ መዋጥ!» አጨበጨቡ። እሳቸው ካጨበጨቡ ማን ይቀመጣል፤ ቤቱ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ።

እንድሪስ እጁን አወዛወዘ። «አይ፣ አይ፣ አልገባችሁም። እኔ የማወራው ስለ ካሜራው ነው።»

«ትሕትናውን ተመልከቱ!» አሉ አቶ ጌታነህ።

«የቴሌስኮፕ ካሜራ! ደቡብ አሜሪካ ያለ!»

«በዓለም አቀፍ ደረጃም ራሱን ገምግሟል!»

ወግዲ ቀረ። በወሩ መጨረሻ ሞዴል መምህር ተብሎ የምስክር ወረቀትና ጃንጥላ ተሸለመ። ጃንጥላው ላይ መፈክር ተጽፎበታል። ያን ቀን አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ጃንጥላውን እንደ ሞተ ዶሮ አንጠልጥሎት ነበር።

«ዜጋው» አለኝ፣ «እዚያ ክፍል ውስጥ በሕይወቴ አንዲት እውነት ተናገርኩ። እሷኑ አጨበጨቡባት።»

ለመሳቅ ስሞክር ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቆይቶ ካሜራው ያነሣው የመጀመሪያው ሥዕል መጣለት። ኢንተርኔት ቤቱ በጥቁርና ነጭ አተመለት፤ ቀለም ስላልነበረው ጥቁሩም ግራጫ ሆኗል። እናቱ ዘንድ ይዞት ሲገባ አብሬው ነበርኩ። እማማ ሀዋ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው፣ ዘቅዝቀው፣ መልሰው አቅንተው አዩት።

«ይሄ ነው ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ያስቀመጠህ?»

«አዎ እማ።»

«ይቺ የደበዘዘችው ምንድን ናት?»

«አቧራ ናት። ኮከብ የሚወለድበት አቧራ። እጅግ ሩቅ፣ እጅግ ቀዝቃዛ።»

እማማ ሀዋ መጀመሪያ ወረቀቱን፣ ከዚያ ልጃቸውን፣ ከዚያ ሚኒባስ ባለፈ ቁጥር የሚቦነውን በራቸውን አዩ።

«ያረቢ! አቧራ ፍለጋ ነው እዚያ ድረስ የሄድከው? መካነ ሰላም አቧራ ጠፍቶ?»

እንድሪስ ሳቀ። እየሳቀ መሬት ተቀመጠ፤ ዕንባው እየወረደ ጉልበታቸውን ይዞ ሳቀ። እሳቸው ኮስተር ብለው ወረቀቱን አጥፈው ፍራሻቸው ሥር ሸጎጡት። በኋላ ጦይባን ጠርተው፣ «ልጄ ያየውን እዪ» ብለው እንዳሳዩአቸው ጦይባ ነግረውኛል። ለእሱ ግን አልነገሩትም።

ፕሮፌሰሯ ተመለስና አብረን እንሥራ አለችው። እማማ ሀዋ ይህን ሲሰሙ ሻንጣውን ራሳቸው ማሰናዳት ጀመሩ። እሳቸው ያሰናዳሉ፣ እሱ ያወጣል። «ረመዳን ይለፍ» ይላል፤ «መውሊድ ይለፍ» ይላል፤ «ክረምቱ ይውጣ» ይላል። እሳቸውም እየረገሙ እንደገና ያጥፋሉ። እየታጠፉና እየተፈቱ ሸሚዞቹ ተበሉ።

በበጋው እማማ ሀዋ ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ተናዝዘው ነበር፦ «እኔ ካለፍኩ በኋላ ይሄን ልጅ እዚህ እንዳታስቀምጡት። ሸኙልኝ።» አደራ ከባድ ነው። ድንኳኑ ሲነሣ ሽማግሌዎች ተመርጠው፣ ሼሁም ቄሱም ወይዘሮ ጦይባም ጭምር፣ ለምን መጣህ ሲለው የኖረው ከተማ ዛሬ ሂድልን ብሎ ሊለምነው በሩ ላይ ቆመ። እኔም ከኋላ ቆሜያለሁ።

ሼሁ ጀመሩ። «ልጄ እንድሪስ፣ የእናት ቃል ነው። የሞተ ሰው ቃል ደግሞ አይታለፍም። እናትህን ስማ።»

እንድሪስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሁሉንም እጅ ነሣ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ድምፁ አሁንም ዝቅ እንዳለ ነው።

«አባቶቼ፣ አፉ በሉኝ» አላቸው። «እኔ እናቴን በሕይወት እያለች አንድ ቀን ሰምቻት አላውቅም። ዛሬ ስትሞት መስማት ብጀምር ታፍርብኛለች።»

ገና አርባዋ ያልወጣ የሐዘን ቤት ነው፤ መሳቅ ነውር ነበር። ቄሱ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ሼሁ፣ ከዚያ ሁላችንም። እሱ ብቻ አልሳቀም። ወደ ውስጥ ግቡ አለንና ራሱ ወንበር ያቀርብልን ጀመር።